የጎሚስታው ስንጥር

ሰው አላማም ብል ማንም አያምነኝም። አምስት ቴሌቪዥንና አሥር ጆይስቲክ ያለው ጌም ቤት ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ከምትቀመጥ ሴት ምን ትጠብቃላችሁ? ተጫዋቾቹ «ማዘር» ይሉኛል። ሲሸነፉ ሌላም ሌላም ይሉኛል፤ እሱን ሰምቼ እንዳልሰማ አልፈዋለሁ። የጎረቤቴን የጎሚስታውን ነገር የማነሳው ግን ለሐሜት አይደለም። ተናድጄ ነው። ከዓመት በላይ ሆኖትም ንዴቴ አልበረደልኝም።

የሱን ሱቅና የኔን ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሱ ኮምፕሬሰሩን ሲያስነሳ የኔ ቴሌቪዥኖች ይንቀጠቀጣሉ፤ የኔዎቹ ሲጮኹ ደግሞ እሱ ግድግዳውን በመዶሻ ሁለቴ ይመታል። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ ዝግተኛ ነው፣ የእጁ ጥቁረት በምንም ሳሙና አይለቅም። የጎማ ቀዳዳ ሲፈልግ ብታዩት! የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ነፍቶ ውሃ ገንዳው ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የምታወጣዋን ቦታ እስኪያገኝ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ካገኘም በኋላ ሌላ ይኖራል ብሎ እንደገና ያዞረዋል። ባለመኪናው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለዋል ጎሚስታው። ከዚህች ተረት ሌላ ከአፉ ቃል ሳይወጣ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ገና ቴሌቪዥኖቹን ሳላበራ፣ በሬ ላይ መጥቶ የቆመው። እጁን እስኪላጥ ፈትጎታል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

«እህቴ፣ ያቺን የአውሬዎቹን ጨዋታ አስተምሪኝ» አለኝ።

ከት ብዬ ሳቅኩበት። ያ ሳቄ እስካሁን ይቆጨኛል። የሱ ፊት ግን አልተለወጠም።

«ልጄ ትጫወተዋለች አሉኝ» አለ።

ሳቄን ተውኩት። ልጁን አውቃታለኋ። ያለችው እሷ ብቻ ናት። ትንሽ ሆና ከተደረደሩት ጎማዎች ካንዱ ወደ አንዱ ስትዘል ስለምትውል «ቁንጫ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ሰፈሩም በዚያው ጠራት። ከፍ ስትል ደህና ትምህርት ቤት እንድትማር ብለው ሌላ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። የእናቷ እህት ናት አክስትየዋ።

የመጨረሻው ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቷ ታመመችና ሆስፒታል ገባች። ልጅቷ በየምሽቱ ትደውላለች። ጎሚስታው ያነሳና «ደህና ናት፣ አሁን ተኝታለች፣ አንቺ ብቻ ጥናትሽን አጥኚ» ይላታል። አክስትየዋንም አስምሏታል። እናትየዋ ሰኞ ሞተች፤ ማክሰኞ ቀበርናት። ልጅቷ የመጨረሻውን ወረቀት የተፈተነችው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ከአውቶቡስ ስትወርድ ለእናቷ የገዛችውን የቤት ጫማ በፌስታል አንጠልጥላ ነበር።

ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ «ደግ አደረግህ፣ የልጅቷ ልፋት ገደል ይግባ እንዴ?» ብሎታል። እኔም ብያለሁ። ምላሴን በቆረጠው። ልጅቷ ፊታችን አላለቀሰችም። ዞር ዞር ብላ አየችንና «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች። በማግስቱ ወደ አክስቷ ተመለሰች። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። የአባቷን ስልክ ግን ከዚያ ወዲህ አንስታ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይደውላል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል።

አክስትየዋ አዘነችለት መሰለኝ፣ አንድ ቀን ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ከዚያ ጨዋታ ሌላ የሚያስቃት ነገር እንደሌለ ነገረችው። በጨዋታው ውስጥ የምትጠራበትን ስምም ነገረችው፤ ቁንጫ።

«ስሙን አልጣለችውም» አለኝ ጎሚስታው፣ በሬ ላይ እንደቆመ። ልጁን ሊያታልል አልፈለገም፣ ሊያሸንፍም አልፈለገም። የፈለገው እንድታናግረው ብቻ ነበር። አንጀቴን በላኝ። ግባ አልኩት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ይጋጠማል፤ እያንዳንዱ ስድስት አውሬ ይይዛል። ሜዳ ላይ የሚወጣው ግን አንድ በአንድ ነው። ሁለቱም ትእዛዛቸውን በድብቅ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ፈጣኑ ቀድሞ ይመታል። ቋጥኝ የሚሉት አውሬ አለ፤ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ብትደበድበው አይሰማውም፣ ግን እስኪንቀሳቀስ ይመሻል። ስንጥር የሚሏት ደግሞ አለች። ድመት ብታህል ነው፤ ቀጭን፣ ጀርባዋ ብር የመሰለ። በፍጥነት የሚያህላት የለም፣ ዱላዋም ከባድ ነው። ነገር ግን ማንም አንዴ ከነካት አለቀላት።

«አንተ ቁርጥ ቋጥኝን ነህ፣ እሱን ያዝ» አልኩት።

«እሷ የምትወደው ስንጥርን ነው አሉ» አለኝ። ስንጥርን ያዘ።

ስንጥርን መያዝ ልብ ይጠይቃል። ዱላ እየመጣ ሳለ አታወጣትም። መጀመሪያ ከራስህ ወገን አንዱ መውደቅ አለበት፤ እሱ ሲወድቅ በባዶ ቦታው፣ ማንም ሳይነካት ትገባለች። ከገባች በኋላ ማመንታት የለም። ጋሻ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ለአንድ ዙር ከማንኛውም ዱላ ያድናል፣ በተከታታይ ሁለተኛ ከተጠራ ግን አይሠራም። ስንጥርን ይዞ ጋሻ የሚጠራ ሰው ጨዋታ አያውቅም ማለት ነው። የኛ ሰውዬ ደግሞ ከጋሻ ሌላ አይጠራም!

«ምታ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» እለዋለሁ።

«ብትሞትብኝስ?»

«ትሙታ! ሥዕል ናት እኮ!»

ጆይስቲኩ በዚያ መዳፍ ውስጥ የክብሪት ቀፎ ይመስላል። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ሦስቱ አብረው ይጫናሉ። እንዲያም ሆኖ በየእሑዱ መጣ። ከሁለት ወር በኋላ አውሬዎቹን በስማቸው እየጠራ የሚገስጽ ሰው ሆነ። ያኔ «እንግዳ» የሚል ስም ከፍተን፣ ቁንጫን ፈልገን፣ የልምምድ ግጥሚያ ጠየቅናት። እሺ አለች።

አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። አራገፈችው። ግጥሚያው ሲያልቅ ተጋጣሚዎች የሚጻጻፉበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጻፈችለት።

«ስንጥርን ለምን ትደብቃታለህ? ጋሻ አይደለችም። አውጥተህ ምታ። ከራራህ ሞተች።»

ጎሚስታው ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበበው አልቆጠርኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከልጁ ያገኘው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ለሱ መሆኑን ግን እሷ አታውቅም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ «እሺ መምህር» ብሎ መለሰላት። በሳቅ የሚንከባለል ፊት ላከችለት። ወጣሁ። እዚያው ብቆይ ኖሮ አለቅስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሑድ የሁለቱ ሆነ። ታሸንፈዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ ታስተምረዋለች። የነገረችውን ሁሉ በማግስቱ ጎማ ላይ ምልክት በሚያደርግበት ጠመኔ የሱቁ ግድግዳ ላይ ይጽፈዋል። «አንዱ ይውደቅ፣ እሷ ትግባ።» «ቀድመህ አስብ፣ ቀድመህ ምታ።» ባለመኪናዎች ያነቡና ጥቅስ እየመሰላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቄንጠኛ ሾፌርማ መኪናው ላይ ሊያስጽፈው ገለበጠው። ጎሚስታው ማፏጨት ጀመረ። ጌም ቤቱን ሳልከፍት ጀምሮ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ ማፏጨት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«ንገራት እንጂ» አልኩት አንድ ቀን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ራሷ ከደረሰችበት ይብስብሃል።»

«ገና ነው። አሁን ደህና እየሳቀች ነው፣ ላስደነግጣት?»

«መደንገጧን ማን ይፈራል? አንተ ነህ የምትፈራው።»

ሰውዬው ሆድ ይፍጀው የሚል ዓይነት ነው፤ ነገሩን ከሆዱ ለማውጣት ከብሎን ማውጣት ይከብዳል።

አንድ እሑድ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ እንዲሁ ጠየቀችው።

«እንግዳ፣ እናት አለችህ?»

«የለችም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፣ የሱም እናት ከሞተች ቆይታለች።

«የኔም የለችም። ፈተና ላይ ስለነበርኩ አባቴ ደበቀኝ። ፈተናውን አለፍኩ።»

ሌላ አልጻፈችም። ጎሚስታው እጁን ቁልፉ ላይ አደረገ። ንገራት፣ አሁን ንገራት እያልኩ በልቤ ስለምን፣ «አይዞሽ» ብሎ ጻፈና ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ያን ቀን እውነት ለመናገር በጥፊ ባልኩት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ትልቁ ውድድር መጣ። በየቤቱ በኢንተርኔት ይጫወቱና የመጨረሻዎቹ አራት ሰዎች በአካል ተገናኝተው በአዳራሽ ይጋጠማሉ። ቁንጫ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ከአዳራሹ በፊት ባለችው ዙር ላይ ወድቃለች። «ዘንድሮ ካላለፍኩ አውሬዎቼን ለዶሮ እበትናለሁ» ብላ ጽፋለታለች። እሱንም ተመዝገብ አለችው፤ ተመዘገበ። ጠንክሮ ስለነበር አንዱን ጣለ፣ ሌላውን ጣለ፣ ሦስተኛውንም ጣለ። ማን ያምናል! የኔ ደንበኞች ጨዋታቸውን ትተው «ፋዘር! ፋዘር!» እያሉ ይጮኹለት ጀመር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ለአዳራሹ የቀረችውን አንዲት ቦታ ለማግኘት ዕጣው እንግዳን ከቁንጫ አገናኘ።

«ደህና አድርገህ ተጫወት» አልኩት ገና ሲቀመጥ። «ካሸነፈችህ በራሷ ታሸንፍህ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለኝ።

መጫወት ይሉሃል እንደዚያ ነው። አንዴ እሷ ትጥላለች፣ አንዴ እሱ ይጥላል። መጨረሻ ላይ እሱ ስንጥር ብቻ ቀረችው፤ ማንም ሳይነካት፣ ሙሉ ጉልበቷን ይዛ ገባች። እሷ ደግሞ ቋጥኝ ብቻ ቀራት፤ እሱም ተደብድቦ ተደብድቦ ጉልበቱ ክር አክሏል። ቋጥኝ ደግሞ ዝግተኛ ነው። ስንጥር ቀድማ አንዴ ብትነካው ያልቃል። ይህን ለማወቅ እንደኔ አሥራ ሁለት ዓመት መቀመጥ አያስፈልግም።

አውራ ጣቱ «ምታ» የሚለው ላይ ነበር። አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሄደ። ጋሻ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

የቋጥኝ ዱላ ጋሻው ላይ ነጥሮ ተመለሰ። አሁንም ዕድል አለው፤ ሌላ ዙር ተከፈተ።

«ምታ! በሞቴ ምታ!»

እንደገና ጋሻ። ሁለተኛ ጊዜ እንደማይሠራ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፎታል። ቋጥኝ ተንፏቆ መጣና መታት። ስንጥር ወደቀች።

ጎሚስታው ፊቱ በርቷል። «አለፈች» አለኝ፣ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው።

ጽሑፉ ወዲያው መጣ።

«ለምን አልመታህም?»

«ጣቴ አዳልጦኝ ነው» ብሎ መለሰ።

«ሁለት ጊዜ?»

ሄዳለች ብዬ ሳስብ እንደገና ጻፈች።

«እኔ ስንት ወር ሙሉ አትራራ ስልህ ኖርኩ። ሳላውቀው እንዲህ የሚራራልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።»

ቀጥሎ ደግሞ፦

«አባዬ ነህ?»

አባዬ አለችው። ሁለት ዓመት ከምናምን የጠበቀው ይህን አልነበር? በሩን ራሷ ከፈተችለት። ከሱ የሚፈለገው ሁለት ፊደል ነው።

«አዎ በላት!» አልኩት። ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት። «አዎ በል፣ አንተ ሰው!»

ፊደሎቹን ፈለገ፣ አገኘ፣ አጠፋ፣ እንደገና ፈለገ። ከትከሻው ኋላ ሆኜ ቃሏ ስትጻፍ አየኋት።

«አይደለሁም።»

የኔን ነገር ተዉት። ደሜ ፈልቶ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ደንበኞቼ ግን ማዘር እንዲህ ስትሳደብ ሰምተን አናውቅም ይላሉ። የልጅቷ መልስ ግን ቃል በቃል አይረሳኝም።

«እሺ። አንተ እሱ ብትሆን ኖሮ አንድ ነገር እጠይቅህ ነበር።»

ወጣች። በማግስቱ የአዳራሹ ተጋጣሚዎች ስም ሲለጠፍ ቁንጫ የለችበትም፤ ራሷን አግልላ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቷል። በሳምንቱ ቁንጫ የሚል ስም በጨዋታው ውስጥ ብንፈልገው ብንፈልገው ጠፋ። ስልኳም መጥራቱን ተወ። አክስትየዋ «ቁጥር ቀይራለች፣ እንዳልሰጥህ ለምናኛለች» አለችው። ያ ሁሉ ያፏጨ ሰው እንደገና አፉ ተለጎመ።

ወር አኮረፍኩት። እኔ ደግሞ ማኩረፍ አይሆንልኝም፤ አፌ ይበላኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ገባሁ። ሰው አልነበረም። አንድ የጭነት መኪና እግር ላይ ተደፍቶ ብሎን ያጠብቃል።

«ለምን አይደለሁም አልካት?» አልኩት፣ ሰላምታም የለ።

ቀና ሳይል ብሎኑን አንዴ አዞረ።

«ባለቀ ጨዋታ አባቷ አዝኖላት እንዳለፈች ካወቀች ማለፏ ደስ አይላትም ብዬ ነው» አለ። «ባዳ ሲሳሳት ይሻላል ብዬ።»

«እሷ ስለ ጨዋታ ነው የጠየቀችህ? አባዬ ነህ ነው ያለችህ!»

«አሁን ገብቶኛል» አለኝ።

እዚያው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ ከየት እንደመጣ ወደዚያው ይመለስልኝ ጀመር። ቀስ ብዬ፣ «ምን ልትጠይቅህ ነበር ትላለህ?» አልኩት።

«አውቀዋለሁ» አለ። ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እናቴ ጠርታኝ ነበር ወይ፣ ነው የምትለኝ። ሌላ ምን ትጠይቀኛለች?»

«ጠርታት ነበር?»

«በየቀኑ።» ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። «መጨረሻ ላይማ ሌላ ቃል አልነበራትም። ልጄን ጥራልኝ ትለኛለች። ነገ ትመጣለች እላታለሁ። ደስ ይላትና ፀጉሬን አበጥሪልኝ ብላ ነርሷን ትለምናለች። ሰኞ ጠዋትም ነገ ትመጣለች አልኳት። እሷ እኮ አመነችኝ።»

ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የዋሸው። እናትየዋ ፀጉሯን አስበጥራ በሩን ስታይ፣ ልጅቷ ደግሞ ተኝታለች የተባለች እናቷን እንዳትቀሰቅስ ስልኩን ቀስ አድርጋ ስትዘጋ ታየችኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ደግ አደረግህ ብዬዋለሁ።

ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ተነሳሁ።

«ተነስ» አልኩት። «አሁኑኑ አውቶቡስ ተሳፈር። አክስቷ ቤት በር ላይ ቁምና ይህንኑ፣ ለኔ እንዳወራኸው፣ ንገራት። ቃሉ የሷ ነው። እናቷ የላከችላት ነው፣ አንተ ቀምተህ የያዝከው። ብትሰድብህም ስማ፣ ብታባርርህም ነግረሃት ተባረር። ገባህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሊነሳ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅኩለት። እሱ ግን ብረቱን አነሳና ወደ ብሎኑ ዞረ።

«አይ» አለኝ። «ይከብዳታል።»